ለምለም ፀጉር ቤት ናት

ጉዳዩ በጠቅላላው ያስከፈለኝ ይህን ነው፦ አሥራ አንድ ቀን፣ ስድስት ጥቅል ነጭ ክርና ሁለት ጥቅል ጥቁር፣ ከመጣበት ዋጋ በታች የተሸጠ አንድ ትልቅ ሻንጣ፣ የግራ አመልካች ጣቴ ቆዳ፣ በሃያ ሁለት ዓመት ንግድ ያፈራሁት ግርማ ሞገስ፣ እና አንዲት በግ።

በጓ የምትታረድ አይደለችም። ከመዳፌ እምብዛም የማትበልጥ፣ በኪሮሽ የተሠራች፣ ሆዷ በጥጥ የተሞላ፣ ዓይኖቿ ሁለት ጥቁር ቁልፎች የሆኑ የክር በግ ናት። የምትታረድ ብትሆን ኖሮ ነገሩ በአንድ ቀን ባለቀ ነበር። ገበያ ወርጄ ሌላ ጎትቼ እመጣ ነበር። በግና በግን የሚለያያቸው ዋጋቸው ብቻ ነው። ወይም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

እኔ ሻንጣ ነጋዴ ነኝ። ሱቄ ቦሌ ውስጥ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ደንበኞቼ ሁለት ዓይነት ናቸው፦ የሚሄዱ ሰዎችና ሊሄዱ ሲሉ ሻንጣቸው የፈነዳባቸው ሰዎች። ታክሲ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ስለ ዋጋ አይከራከርም፤ ዚፑን ሁለት ጊዜ ወዲያ ወዲህ ያደርግና ይከፍላል። ስለዚህ ብዙ ሰው ሥራዬ ቀላል ይመስለዋል። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲሄድ እያዩ ራስ የትም አለመሄድ ቀላል ከሆነ፣ አዎ፣ ቀላል ነው።

ንግድን የተማርኩት መንገድ ላይ ነው፤ መንገድ ደግሞ ዲፕሎማ ባይሰጥም ያስተማረውን አያስረሳም። ያስተማረኝ አንዱ ነገር የመጀመሪያውን ደንበኛ ባዶ እጁን አለመሸኘት ነው። ጠዋት ገብቶ ሳይገዛ የወጣ ሰው ቀኑን ይዞት ይወጣል። የሚስቅ ይሳቅ፤ እኔ ሻንጣ እንኳ ባይገዛኝ ቁልፍ እሸጥለታለሁ። ሌላው ትምህርት ደግሞ «አይሸጥም» ብሎ አለመናገር ነው። ነጋዴ መሸጥ የማይፈልገውን ዕቃ ዋጋውን ሰማይ ላይ ይሰቅለዋል፤ ሰውየው ቀና ብሎ አይቶ ራሱ ይተወዋል፤ ማንም ማንንም አያስቀይምም። በእነዚህ ሁለት ትምህርቶች ቤት ሠርቼ ልጅ አሳድጌባቸዋለሁ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሁለቱ ተጋጩና እኔ መሀል ተገኘሁ።

ልጄ ኤልዳና አምስት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቷ ከሱቄ ጀርባ ነው፤ አሻንጉሊት ይዞ መግባት ክልክል ነው። ስለዚህ ዘወትር ጠዋት መጀመሪያ ሱቅ እንገባለን፤ ለምለምን፣ በጓን ማለቴ ነው፣ ጠረጴዛዬ ላይ ከሒሳብ ማሽኑ አጠገብ ታስቀምጣታለች።

«አባዬ፣ አደራ።»

«እሺ።»

«እሺ አይደለም። አደራ ተቀብያለሁ በል።»

«አደራ ተቀብያለሁ።»

ባንክ እንኳ እንዲህ አያስምልም።

ለምለምን የሠራቻት ባለቤቴ ሰናይት ናት። ከኤልዳና በፊት ሁለት ፅንስ ወርዶባት ነበር። ኤልዳናን ስታረግዝ ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትወርድ አዘዛት፤ አምስት ወር ተኛች። ጣሪያ ማየት ሲሰለቻት ኪሮሽ ያዘች። በጓን ትሠራና ትፈታታለች፤ ትሠራና ትፈታታለች። «ምነው አትጨርሻትም?» ብላት፣ «ከጨረስኳት የምጠብቀው ነገር እንዳይቀርብኝ ፈርቼ ነው» አለችኝ። የመጨረሻውን ቋጠሮ ያሰረችው ሆስፒታል የገባን ቀን ነው። እንግዲህ በግ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ገባችሁ።

ያን ማክሰኞ ሰናይት አዲስ አበባ አልነበረችም። መሥሪያ ቤቷ ለሥልጠና ሐዋሳ ልኳት ነበር፤ የምትመለሰው በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነው። ኤልዳናን ትምህርት ቤት አስገብቼ ገና መብራት ሳበራ አንዲት ሴትዮ እየተጣደፈች ገባች። ነጭ መኪና ደጅ ቆሞላታል። ሦስት ሻንጣ አወረድኩላት። አንዱ ከበዳት፣ አንዱ ቀለሙ አስጠላት፣ አንዱን ዝም ብላ አየችውና ወደ በሩ ዞረች።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ ናት።

«እህቴ፣ ቁልፍስ? የስም መጻፊያ?»

«ኧረ ተወኝ ወንድሜ፣ በረራ አለብኝ።» እጇ በሩ ላይ እያለ ዓይኗ ጠረጴዛዬ ላይ አረፈ። «ውይ! ይቺስ? ስንት ናት?»

ጤነኛ አባት ይህን ጊዜ «የልጄ ናት» ይላል። እኔ ግን አፌን ስከፍት የወጣው «አራት ሺህ» ነው። ሰማይ ላይ መስቀሌ ነበር። መዳፍ ለምታክል የክር በግ ማንም ሰው ይህን አይከፍልም ብዬ ነው።

«የሒሳብ ቁጥርህን ንገረኝ።»

«ለምን?»

«ልልክልህ ነዋ! አታስቁመኝ፣ አውሮፕላኑ ሊያመልጠኝ ነው!»

ስልኬ ጮኸ። ያን ድምፅ ስሰማ እጄ ዕቃውን ፌስታል ውስጥ ይከታል፤ የዓመታት ልማድ ነው፣ እኔን አያማክረኝም። ሴትዮዋ «ለእህቴ ልጅ ነው፣ አራስ ናት እህቴ፣ ቀኑ ይባረክልህ!» ብላኝ ሄደች። እኔም አሜን አልኩ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ዞርኩ። ሒሳብ ማሽኑ ብቻውን ተቀምጧል።

ሮጬ ወጣሁ። በቦሌ መንገድ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚሄድ ነጭ መኪና ስንት እንደሆነ ቆጥሬ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አየሁት። ገንዘቡን በላከችበት ስልክ ቁጥር ደወልኩላት። መጀመሪያ ተያዘ፣ ቀጥሎ ተዘጋ፣ ከዚያ በኋላ ሰማይ ላይ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ ኤልዳናን ሳወጣት የመጀመሪያው ጥያቄዋ «ለምለምስ?» ነው።

መንገዱን ሙሉ ውሸት ሳዘጋጅ ነበር የመጣሁት፤ ስትጠይቀኝ ግን ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ። ዓይኔ ከፊት ለፊታችን ያለው የሴቶች ውበት ሳሎን ላይ አረፈ።

«ፀጉር ቤት ናት» አልኩ።

«መቼ ትጨርሳለች?»

«የሚቀጥለው ሳምንት።»

«እማዬ ስትሄድ እኮ ማታ ትመጣለች።»

«እማዬ ፀጉር ያላት ራሷ ላይ ብቻ ነው። ለምለም ግን መላ ሰውነቷ ፀጉር ነው።»

አሰበችበት። «ልክ ነህ» አለችኝ። ልጄ ልክ ነህ ስትለኝ እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም።

በማግሥቱ በቦሌ ያሉ የመጫወቻ ሱቆችን ሁሉ ዞርኩ። አንበሳ አለ። ቀጭኔ አለ። ኢትዮጵያን አይቶ የማያውቅ የበረዶ ድብ በአምስት መጠን አለ። በግ የለም። በበግ ሀገር የአሻንጉሊት በግ ጠፋ። ሰው አላሠራ ነገር፣ ሰናይትን የማያውቅ የእጅ ሥራ ባለሙያ በአካባቢያችን የለም፤ ወሬው ከበጓ ቀድሞ ቤቴ ይገባል። የቀሩኝ እትዬ ሙኒራ ብቻ ነበሩ።

እትዬ ሙኒራ ከእኔ ሁለት በር አልፎ ክር፣ ቁልፍና ሻሽ ይሸጣሉ። ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል። ሚስጥር አያወጡም፤ ነገር ግን ሚስጥሩን ለባለቤቱ ደጋግመው ያስታውሱታል። ታሪኩን ሁሉ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«የልጅህን አደራ ሸጥክ?»

«ሰማይ ሰቅዬው ነበር እኮ እትዬ!»

«ያ ረቢ! ሴትዮዋ ወደ ሰማይ አይደል የምትሄደው? በመንገዷ አገኘችው።»

«ይሥሩልኝ፣ የጠየቁትን እከፍላለሁ።»

«አልሠራም። አደራ የበላ በእጁ ይከፍላል። ና፣ ተቀመጥ፣ አስተምርሃለሁ።» ጫፏ እንደ መንጠቆ የተቆለመመች ቀጭን የኪሮሽ መርፌ እጄ ላይ አኖሩልኝ።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ክሩን ጣት ላይ ጠምጥሞ በዚያች ቀለበት ውስጥ ስድስት ዓይን፣ ስድስት ትናንሽ የክር ቋጠሮ ማለት ነው፣ ማውጣት፤ በሁለተኛው ዙር አሥራ ሁለት፣ በሦስተኛው አሥራ ስምንት። ልቤ ደስ አለው፤ ይሄማ ቁጥር ነው፣ ቁጥር ደግሞ እንጀራዬ ነው። «ሠላሳ ስድስት ስትደርስ መቀነስ ትጀምራለህ» አሉኝ። ችግሩ እዚህ ላይ መጣ። እኔ በሕይወቴ አንዴ ከጨመርኩ በኋላ ቀንሼ አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ያወጣሁት የበግ ራስ ሳይሆን ኮፍያ ነበር።

«ማሻአላህ» አሉ እትዬ ሙኒራ፣ ራሴ ላይ እየለኩት፣ «ለኢድ ታደርገዋለህ።»

ከዚያ ወዲህ ሱቄ ውስጥ፣ ከጠረጴዛው ሥር እጄን ደብቄ እሠራ ጀመር። ከላይ ለሚያየኝ ሰው ከንፈሬ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። አንዱ ደንበኛ ጫማውን ሊያወልቅ ምንም አልቀረው። «ጋሼ፣ ጸሎት ላይ ከሆኑ ልመለስ?» አለኝ። መጸለዩስ መች ቀረ!

አንድ ጠዋት ደግሞ ገና እንደከፈትኩ አንዱ ገባና «ይሄ ትልቁ ስንት ነው?» ሲል ሰማሁት። እኔ ግን ዙር ቆጠራ ላይ ነበርኩ። «አሥራ ሁለት… አሥራ ሦስት!» አልኩ።

«አሥራ ሦስት መቶ? ወስጄዋለሁ!»

የመጣበት ዋጋ የዚያን አራት እጥፍ ነው። ግን የመጀመሪያ ደንበኛ ነው፤ ቃልም ከአፍ ወጥቷል። ሻንጣውን አቧራውን ጠርጌ ሰጠሁት። ሰውየው እስከ ዛሬ ድረስ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ያቅፈኛል።

በአራተኛው ቀን ሴትዮዋ መልእክት ላከችልኝ። ፈጥኜ ከፈትኩት። ፎቶ ነው። አንድ አራስ ሕፃን ተኝቷል፤ ለምለምን ጉንጩ ሥር ወሽቋታል። ከሥሩ «የእህቴ ልጅ ያለሷ አይተኛም። እጅህ ይባረክ» የሚል ጽሑፍ አለ። «እባክሽ መልሺልኝ» ብዬ ጽፌ ነበር። አጠፋሁት። ከሕፃን ጉንጭ ሥር በግ የሚነጥቅ ጅብ ነው፤ እኔ ደግሞ ውሸታም ልሁን እንጂ ጅብ አይደለሁም። «አሜን» ብዬ ላኩላት። በአንድ በግ ላይ ሁለተኛ አሜኔ ነው።

እሑድ ሰናይት ደወለች፤ እየተያየን ነው የምናወራው። ኤልዳና ስልኩን ቀማችኝ።

«እማዬ፣ ለምለም ፀጉር ቤት ናት!»

«የቱ ፀጉር ቤት?» አለች ሰናይት፣ እኔን ፍለጋ አንገቷን በስልኩ ውስጥ እያሰገገች።

«ጨዋታ ነው» አልኩ። «ትንሽ አቧራ ነክቷት… ላጥባት ብዬ ነው።»

«እንዳታጥባት! ክሩ ያረጀ ነው፣ ይፈታል። ስመጣ እኔ አጸዳታለሁ። ቅዳሜ እንዲያው እንዳለች ላግኛት፣ እሺ?»

«እሺ» አልኩ። እሺ እንደማይበቃ ከልጄ ተምሬ ነበር፤ ግን ሌላውን ቃል ለመናገር ምላሴ ፈራ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ምግብ አላስዋጡኝም። ለእትዬ ሙኒራ ሁለተኛውን ሙከራ ሳሳያቸው እያገላበጡ አዩት።

«እግሮቹ አምስት ናቸው።»

«አንዱ ጅራት ነው።»

«ጅራቱ ሰኮና አለው?»

ፈታሁት። ሦስተኛው ግን፣ ሳልዋሽ፣ በግ ሆነ። ራሱ ራስ፣ እግሩ አራት፣ ጅራቱ ሰኮና የሌለው። ሐሙስ ዕለት የቀረው ጀርባውን መዝጋት ብቻ ነበር። ኤልዳና ትምህርት ቤት ሳለች ከአስመጪ ዘንድ ዕቃ ለማየት ሰሚት መሄድ ነበረብኝና ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ገርጂ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋ። ግማሽ ሰዓት ቆምን። ሁለት ቀን የቀረው ሰው ግማሽ ሰዓት አያባክንም። ከቦርሳዬ አወጣሁት።

ታክሲው በአንድ ጊዜ ምክር ጀመረ።

«ክሩን አነቅከው ወንድሜ፣ ላላ አድርገው» አለች አጠገቤ ያለች ሴት።

«ምንድነው እሱ፣ ጉማሬ?» አለ ከኋላ አንድ ሰውዬ።

«ዓይን የለህም? በግ ነው እንጂ!»

«በግ ከሆነ ጆሮው የት አለ?»

«ጆሮ ይቀጠላል!» አልኩ ተቆጥቼ። ራሴን ለበግ ጠበቃ ቆሜ አገኘሁት። ክርክሩ ሲጦፍ የክሩ ጥቅል ከጭኔ ተንከባሎ በወንበሮቹ ሥር አለፈ። «ወራጅ አለ!» ብላ አንዲት ተረከዘ ረጅም ጫማ ያደረገች ልጅ ወረደች። ክሩ ጫማዋ ላይ ተጠምጥሟል። እሷ ስትራመድ እጄ ላይ ያለው በግ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መርፌዋ ወልቃ ወደቀች። ኪሮሽ አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ክሩን የያዘው ሰው ከሄደ ሥራውም አብሮት ይሄዳል። ጀርባው ሄደ። ሆዱ ሄደ። ጥጡ ጭኔ ላይ ተዘረገፈ።

«እህት! ኧረ እህት! በጌን!» እያልኩ በመስኮት ጮህኩ።

ልጅቷ ሮጠች። አልፈርድባትም። በመሀል ከተማ አንድ ጎልማሳ በጌን እያለ ቢጮህብኝ እኔም እሮጣለሁ። ስትሮጥ የኋላ እግሮቹም ሄዱ።

የሐሙስን ቀሪ ሰዓትና ዓርብን እስከ ከሰዓት ድረስ፣ ነጭ ክር እትዬ ሙኒራ ሱቅም አልቆ በጥቁር እየጠጋገንኩ፣ ጣቴ ደም እየቋጠረ ሠራሁት። ሲያልቅ እትዬ ሙኒራ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። እያገላበጡ አዩት፤ አልቀለዱም።

«ደክመህበታል» አሉኝ በመጨረሻ። ያን ጊዜ ነገሬ ያለቀለት መሆኑን አወቅኩ።

ኤልዳናን ከትምህርት ቤት አውጥቼ ሱቅ አስገባኋት። «ለምለም ከፀጉር ቤት መጣች!» አልኩ። ድምፄ ሻንጣ ስሸጥ የማወጣው ድምፅ ነበር፤ ራሴም ሰማሁት።

ተቀበለችው። አገላበጠችው። አሸተተችው።

«ይሄ ለምለም አይደለም።»

«ተቆርጣ እኮ ነው፤ ቀለምም ተቀብታለች።»

«አባዬ፣ ይሄ ውሻ ነው።»

ልከራከር አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አየሁት። አፉ ሾጠጥ ብሏል፣ ጀርባው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለው፣ አንድ ጆሮው ቆሟል። አሥር ቀን ሙሉ በግ ብዬ የሠራሁት ነገር ውሻ ነው፤ ከእኔ በቀር ያልገባው አልነበረም።

«ውሻ ነው» አልኩ።

«ጥሩ ነው» አለች እያሻሸችው። «ለምለም ስትመጣ ይጠብቃታል።»

ማታ መኝታ ቤቷ በር ላይ፣ ፊቱን ወደ ውጪ አዙራ አስቀመጠችው። ለምለምን እየጠበቀ ነው። እኔ ለጥፋቴ መሸፈኛ ብዬ የሠራሁት ነገር ዘበኛ ሆኖ መምጫዋን ሊጠባበቅ ቆመ።

ቅዳሜ ሰናይትን ለመቀበል አውሮፕላን ማረፊያ ሄድን። ኤልዳና ውሻውን ይዛለች። ሰናይት ልጇን አቀፈች፣ ሳመቻት፣ ከዚያ ውሻውን ከእጇ ተቀብላ ገለበጠችው። ጣቷ በዙሮቹ ላይ ሄደ። ሰው እጁ የለመደውን ሥራ ጣቱ ያነበዋል።

«ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«ለምለምስ?»

ኤልዳና ትንሽ ራቅ ብላ የሻንጣ ጋሪ እየገፋች ነው። ሌላ ውሸት ነበረኝ፤ አላወጣሁትም። «ተሸጠች» አልኩ። «አይሸጥም ማለት አቃተኝ።» ሁሉን ነገርኳት፤ ፎቶውንም አሳየኋት።

አልጮኸችም። ብትጮህ ደስ ይለኝ ነበር፤ ጩኸት ገና ዋጋ ያልተቆረጠለት ነገር ነው፣ መከራከር ይቻላል። ፎቶውን ብዙ ጊዜ አየችው።

«ልጁ ያምራል» አለች። ቀጥላም «ስንት?»

«አራት ሺህ።»

«አራት ሺህ» አለች ቀስ ብላ። «እንግዲህ ዋጋዋን አወቅነው።»

«ሰናይትዬ፣ ሌላ ብትሠሪላት…»

«እሷን ለመሥራት አምስት ወር መተኛት አለብኝ።» ስልኬን መለሰችልኝ። «ለኤልዳና እውነቱን ትነግራታለህ። እኔ አይደለሁም፣ አንተ።»

እሑድ ነገርኳት። አንድ ሕፃን ለምለምን አቅፎ እንደሚተኛ፣ እንደማትመለስ፣ የሰጠኋት እኔ እንደሆንኩ።

«ሰጠሃት ወይስ ሸጥካት?»

የነጋዴ ልጅ ናት። «ሸጥኳት» አልኩ።

አለቀሰች። ሰናይት ይዛት ሌላ ክፍል ገባች። እኔ ከውሻው ጋር በሩ ላይ ቀረሁ።

ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ከሒሳብ ማሽኑ አጠገብ ያለውን ቦታ ጠርጌ ጠበቅኩ። ኤልዳና ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ውሻውን ብብቷ ሥር አድርጋ መጣች። ጠረጴዛውን አየችው። ከዚያ ዞራ ወጣች፤ ሁለት በር አለፈች።

«እትዬ ሙኒራ፣ አደራ።»

«ተቀብያለሁ የኔ እመቤት» አሉ እትዬ ሙኒራ። ወደ እኔ አላዩም። እግዜር ይስጣቸው።

ኤልዳና ተመልሳ እጄን ያዘችኝና ወደ ትምህርት ቤት ሄድን።

ቀሪ ሒሳብ፦ በግ፣ የለም። ውሻ፣ አንድ፤ እትዬ ሙኒራ ዘንድ።